የፈረሱን ጭራ ሳልይዝ

ዋና እችላለሁ ብዬ ቅጹ ላይ የጻፍሁት ዋሽቼ አይደለም። ይህን አስቀድሜ መናገር አለብኝ፤ ታሪኩን ከእኔ ሌላ የሚያወራው ሁሉ ከውሸቴ ይጀምራልና።

ዘመኑ ሃምሳዎቹ ሊያልቁ ሲሉ ነው። አዲስ አበባ ላይ የሁለተኛ ዓመት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበርሁ፤ የምማረውም ስለ ዕፅዋትና ስለ እንስሳት ነው። አንድ ቀን ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ አንዲት ወረቀት ተለጠፈች። በሕንድ ውቅያኖስ ውስጥ ባለች ደሴት የአራት ሳምንት የመስክ ትምህርት አለ፤ ከየአገሩ የሚመጡ ተማሪዎች በሞቃት ባሕር ደሴት ላይ ዛፉ፣ ወፉ፣ ሸርጣኑና ዓሣው እንዴት አብረው እንደሚኖሩ ያጠናሉ፤ ከእኛም ሁለት ሰው ይላካል ትላለች። ሦስት ጊዜ አነበብኋት። እኔ የእንጅባራ ሰው፣ ከደጄ ያለው ትልቁ ውኃ ዘንገና ሐይቅ፣ የማውቀው ደሴት የጣናን፣ እሱንም በሩቁ! ዓባይን ያላየ ምንጭ ያመሰግናል የተባለው ለእኔ ነበር። ያን ቀን ምሳ መብላቴን እንኳ አላስታውስም።

ቅጹ ላይ ካሉት ጥያቄዎች አንዱ "ዋና ትችላለህ?" ይላል። "አዎ፣ በደንብ" ብዬ ጻፍሁ። "የት ተማርህ?" ለሚለውም "በክረምት ሙላት" አልሁ። እውነቴን ነው። እኛ ዘንድ ወንዝ ሲሞላ ሰው ፈረሱን ወደ ውኃው ይነዳና ጭራውን ጨብጦ ይከተለዋል፤ ፈረሱ ይቀዝፋል፣ ሰውየው ይንሳፈፋል፣ ሁለቱም ማዶ ይወጣሉ። ይኸው ነው ዋና። ከሰባት ዓመቴ ጀምሮ እንደዚያ ስሻገር ኖሬአለሁ፤ ከእኩዮቼ መካከል ጭራ አያያዜ የተመሰከረለት ነበር። ያለ ፈረስ የሚዋኝ ሰው ይኖራል ብዬ አስቤ አላውቅም። ሰው ምን ቆርጦት ያለ ፈረስ ውኃ ይገባል?

ተመረጥሁ። ጮቤ ረገጥሁ። ለክረምቱ ዕረፍት ወደ አገሬ ስመለስ፣ አውቶቡሱ ውስጥ ከጎኔ ለተቀመጡት ቄስ ከደብረ ማርቆስ እስከ ቡሬ ስለ ሸርጣን አወራኋቸው። ቡሬ ላይ ቦታ ቀየሩ።

አባቴ ግን አልሳቀም። አባቴ ፈረሰኛ ነው፤ ለሰርግም ለቀብርም ዳማ ፈረሱን ሳይጭን ከቤት አይወጣም። ዳማውን የሚያናግረው በአገውኛ ብቻ ነው፤ አማርኛ ለገበያና ለዳኛ ነው ይላል። የፈረሱ ጭራ መሬት ሊነካ ምንም አይቀረውም። በየሳምንቱ አጥቦ ያበጥረዋል፤ ለወንዝ ካልሆነ በቀር ማንም እንዲነካው አይፈቅድም።

"የባሕር ማዶው ነገር አልጥምህ ብሎኛል" አለኝ። "የሄደ ሁሉ አይመለስም። ቢቀርብህ እኔ አልከፋም።"

ነሐሴ መግቢያ ላይ ከአስተማሪዬ ደብዳቤ መጣ። አስተማሪዬ ከእኛ በዕድሜ ብዙ የማይበልጥ ረጅም ፈረንጅ ነው። ወደ ጣና ሲሄድ በእንጅባራ ያልፋል፤ ለምርምሩ ከዘንገና ውኃ ሊቀዳ ይቆማል፤ በዚያውም ዋናዬን ያያል። መቶ ሜትር መዋኘቱ ያልታየለት ሰው ወደ ደሴቷ አይሄድም፤ ደንቡ ነው።

እኔ ምን ገዶኝ! አባቴን ዳማውን ለመንሁት። መጀመሪያ እምቢ አለ፤ ኋላ ግን "ዳማው አገር ፊት አያሳፍርም" ብሎ ራሱ ሊመጣ ተነሣ። ፈረሱ በቀይ ልብስና በቃጭል አጊጦ ወጣ። የሰፈሩ ሰው ግማሹ ተከተለን፤ ፈረንጅ የአገራችንን ልጅ ሊፈትን ነው ተብሏል።

አስተማሪዬ ከውኃው ዳር ጠርሙሶቹን ደርድሮ ጠበቀን። እኔን አየ፤ ፈረሱን አየ።

"ፈረሱ ለምንድን ነው?"

"ለዋናው ነው" አልሁት።

"የሚፈተነው ፈረሱ ነው?"

"ሁለታችንም ነን።"

ሁሉን ካስረዳሁት በኋላ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብሎ እንባው እስኪወርድ ሳቀ። ከዚያ ዓይኑን ጠርጎ "ደሴቷ ላይ ፈረስ የለም፤ እስቲ ብቻህን ግባ" አለኝ። ኩራቴ አልፈቀደልኝም እንጂ ያኔውኑ አልችልም ማለት ነበረብኝ። ዘንገና እንደ ወንዝ አይደለም፤ ከዳሩ ሁለት እርምጃ ብቻ መሬት አለ፣ ሦስተኛው ላይ የለም። የአገሩ ሰው ወለል የለውም ብሎ ይፈራዋል። ሦስተኛውን ረገጥሁና እንደ ድንጋይ ወረድሁ። ቀኝ እጄ ውኃ እየጨበጠ ይለቃል። ከላይ የአባቴ አገውኛ ተሰማኝ፤ ወዲያው የዳማው ጭራ ፊቴን ገረፈኝ። ጨበጥሁትና ወጣሁ።

ሕዝቡ እልልታውን አቀለጠው። ፈተናው ይኸው መስሏቸዋል፤ ፈረስም ሰውም እንዲህ ተዋጥቶላቸው አያውቅም። በፈተናው መውደቄን የምናውቅ እኔና አስተማሪዬ ብቻ ነበርን፤ የጎረቤቱን ምርቃት ሁሉ አሜን እያልሁ ተቀበልሁ።

አስተማሪዬ አንድ ሰዓት ያህል በጀርባ መንሳፈፍን፣ እግር መምታትን፣ ትንፋሽ ማውጣትን አሳየኝ። "ከአሥራ ሁለት ቀን በኋላ ስመለስ እዚሁ እንገናኝ" አለ። "ያኔም ካልሆነ ሌላ ሰው ይሄዳል።"

ይህን ለአባቴ ነገርሁት። በነጋታው ገመድ ይዞ ወደ ዘንገና ቀደመኝ። ወገቤ ላይ አሰረልኝና ዳር ቆሞ፣ ዝናቡ ጋቢው ላይ እየወረደ፣ ጠዋት ጠዋት ያዋኘኝ ጀመር። ከሰዓት በኋላ ደግሞ መደብ ላይ በሆዴ ተኝቼ እጅና እግሬን አማታለሁ። እናቴ ድንቹን እየላጠች "ይኸ ልጅ ዛሬ መደቡን ሊሻገር ነው!" ትላለች። በሳቅ እንሞታለን።

በዘጠነኛው ቀን እውነትም ዋኘሁ! ጮኼ ዘንገናን አስተጋባሁት። ግን ገመዱ ወገቤ ላይ እስካለ ድረስ ነው። ሲፈታልኝ ሃያ ጊዜ ያህል እቀዝፍና ቀኝ እጄ ሥራውን ትቶ ወደ ፊት ይዘረጋል፤ ተከፍቶ ይፈልጋል፤ እኔም እሰምጣለሁ። በአሥረኛውም ቀን፣ በአሥራ አንደኛውም እንደዚያው።

"የሚያሰምጥህ እጅህ ነው" አለኝ አባቴ። "ጭራ ይፈልጋል።"

የዚያን ዕለት አለቀስሁ። አባቴ ገመዱን ጠቅልሎ ሄደ። ቢቀርብህ አልከፋም ብሎኝ የለ? ደስ ሳይለው አይቀርም ብዬ በልቤ አማሁት።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን ዝናቡ አባርቶ ነበር። አስተማሪዬ ከአንድ ድንጋይ እስከ አንድ ወደ ውኃው ያጋደለ ዛፍ ድረስ ዳር ዳሩን እየረገጠ መቶ ሜትሩን ለካ። ሕዝቡ ከበፊቱ በዝቶ መጥቷል። አባቴ መጨረሻ ላይ ደረሰ፤ ዳማውን እየሳበ። ቀይ ልብስ የለ፣ ቃጭል የለ። ያ ጭራ ተጎንጉኖ፣ ወደ ላይ ተጠቅልሎ፣ በጠፍር ጥፍር ተደርጎ ታስሯል። የቀረችው ጉጥ የምታህል ቋጠሮ ናት። ከሰዉ መካከል አንዱ ሳቁ አመለጠው። ለፈረሰኛ እንዲህ ያለ ፈረስ ይዞ ሕዝብ ፊት መቆም ያለ ሱሪ አደባባይ ከመውጣት አይተናነስም። አባቴ ዘወር ብሎም አላያቸው።

"ፈረሱ ፊት ፊቱን ይሂድለት" አለው አስተማሪዬን። "የሚጨብጠው ነገር የለውም። ያውልዎ፣ ይዩት።"

ተረጎምሁለት። አስተማሪዬ ከፈረሱ ራቅ ብሎ ዞሮ ከኋላው ተመለከተና በእሺታ ራሱን ነቀነቀ።

አጎቴ ከዛፉ ሥር ሆኖ ዳማውን ጠራው። ፈረሱ ገባ፤ እኔም ተከተልሁ። ሃያ ቀዘፍሁ። እጄ እንደ ልማዱ ወጣ፣ ተዘረጋ፣ ተከፈተ። ከፊቱ ያለችው ያች አስቂኝ ቋጠሮ ናት፤ አትደረስ፣ አትጨበጥ። እጄ ትንሽ ጠበቀ፤ የሚይዘው ጭራ እንደሌለ ገባው መሰል ወደ ሥራው ተመለሰ። ውኃው ውስጥ ሳቅ ያዘኝ! የዘንገናን ውኃ እየጠጣሁ፣ እየሳቅሁ፣ እየቀዘፍሁ ሄድሁ፤ አንድ ጊዜ ቀና ስል ዛፉ ከራሴ በላይ ነው። ቅርንጫፉን ያዝሁና ሰማይ እስኪሰነጠቅ ጮኽሁ።

ዘወር ስል አባቴን አየሁት። እግሩን እንኳ ነክሮበት የማያውቀው ዘንገና ውስጥ እስከ ደረቱ ገብቷል፤ ከነጋቢው፤ አንድ እጁ የዳሩን ቁጥቋጦ እንደ ጨበጠ። መቼ እንደ ገባ ማንም አላየውም።

ወጥቶ የዳማውን ጭራ ይፈታ ጀመር። ጠፍሩ ርሶ ጠብቋል፤ አልፈታ አለው። ልረዳው ስጠጋ "ተው፣ ያሰርሁት እኔ ነኝ" አለኝ። ጭራው ሲዘረገፍ በእጁ አበጠረው።

"በል እንግዲህ ሂድ" አለ፤ ለእኔ ይሁን ለፈረሱ አልለየሁም፤ ግን በአማርኛ ነው ያለው።

ሄድሁ። ደሴቷ ላይ ያየሁትን ብናገር ቄሱ እንደገና ቦታ ይቀይራሉ። ውኃው ይሞቃል! ማንም ይህን አልነገረኝም። ዛፎች ሥሮቻቸውን ጨው ውኃ ውስጥ ተክለው ይኖራሉ፤ በሥሮቹ መካከል ዓሣ ያድጋል፤ ሸርጣን ግንድ ላይ ይወጣል። እኔ አሸዋው ላይ እንደ ጥጃ እየቦረቅሁ ደብተሬን ሁለት ጊዜ ባሕር ወሰደብኝ።

በመጀመሪያው ቀን ሁላችንም ከጀልባ ዘለን እንድንዋኝ ታዘዝን። ስንወጣ የትምህርቱ ኃላፊ፣ ሸበቶ ሴት ናቸው፣ ዋና ማን እንዳስተማረን በተራ ጠየቁን። አንዱ ትምህርት ቤት አለ፣ አንዷ ወንድሜ አለች።

"አባቴ ነው" አልሁ እኔ።

"አባትህ ጎበዝ ዋናተኛ መሆን አለባቸው።"

"የለም" አልኋቸው። "አባቴ ዋና አይችልም።"