ውሃ የጠጣ ጠፍር

አያቴ የተሰነጠቀ ሞፈር ሲጠግኑ የቆዳ ጠፍሩን በደረቁ አይጠመጥሙም ነበር። ሌላው ሰው ጥርሱን ነክሶ እየጎተተ ያስራል፤ እኩለ ቀን ሳይደርስ ይላላበታል። እሳቸው ግን ጠፍሩን ገበቴ ውስጥ ይነክሩና «መጀመሪያ ይጠጣ» ይላሉ። ሲለሰልስ ሳይታገሉ ይጠመጥሙታል። ፀሐይ ሲያደርቀው ራሱ ተኮማትሮ እንጨቱን ጥርቅም አድርጎ ይይዘዋል።

አንድ ጎረቤታችን ሞፈሩን ይዞ በመጣ ቁጥር፣ «አባባ፣ እኔ ጠላ ሳልቀምስ ጠፍሩ ይጠጣል?» ይላቸው ነበር።

«እሱ ጠጥቶ ይሠራል። አንተ ጠጥተህ ትተኛለህ» ይሉታል። እየሳቁ አሠራሩን አስተማሩት።

ጣሊያን ቡሬ ሲገባ ያ ጎረቤታችን ባንዳ ሆነ። አያቴ የአርበኞችን የጠመንጃ ሰደፍ ይጠግናሉ ብሎ ከሰሳቸው። ውሸት አይደለም፣ ጠግነዋል። እንዲያስራቸው ሲታዘዝ የገዛ ጠፍራቸውን ገበቴው ውስጥ ነክሮ፣ እርጥቡን እጃቸው ላይ ጠመጠመና ፀሐይ ላይ አዋላቸው። ማታ ሲፈቱ እጃቸው ጠቁሮ ነበር። ከዚያ ወዲያ ጉርሻ እንኳ በእጃቸው ሳይዙ፣ ክረምቱ ሳይገባ አረፉ።

ያ ጎረቤታችን ለቅሶ ላይ መጥቶ ከሽማግሌዎች መሀል ተቀመጠ። «የጣሊያን ትእዛዝ ነው፤ እኔ ምን ላድርግ?» አለ። ሰዎቹም «እውነትህን ነው» አሉት። እኔ ሰው ፊት መናገር አይሆንልኝም፤ ስለዚህ እጽፈዋለሁ።

ገበቴያቸው ደጃፉ ላይ ደርቆ ተሰንጥቋል፤ ውሃ የሚሞላበት የለም። ጣሊያን እሰራቸው አለው እንጂ ጠፍሩን ንከረው አላለውም። ያን ያስተማሩት አያቴ ናቸው።