ቀይና ሰማያዊ ጎረቤቶች

ፈይዛ አሥራ ስምንት ማዞሪያ አጠገብ፣ እዚያው ቤቷ ውስጥ፣ የተማሪ ዩኒፎርም ስትሰፋ ሠላሳ ዓመት አልፏታል። መቀሷ ስለታም ነው፤ ምላሷ ግን ይብሳል። እንዲህ ስትሆን ታዲያ የምትፈራው አንድ ነገር አላት፤ ክፉ ቀን ሲመጣ ብቻዋን መቅረት።

ዘንድሮ የሰፈሩ ዕድር አባል በዛና ለሁለት ይከፈል ተባለ። አንዱ በአስፋልቱ ይከፈል አለ፣ ሌላው በወንዙ። ጭቅጭቁ አላልቅ ሲል ሊቀመንበሩ አቶ ጋዲሳ ልጃቸውን ሁንዴን ጠሩት። ሁንዴ ዩኒቨርሲቲ የሚማረው ይህንኑ ነው፤ ከብዙ ሰው መሀል ማን ከማን ጋር እንደሚቀራረብ በኮምፒውተር መለየት። ቤት ለቤት ዞሮ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀ፦ «ችግር ሲገጥምዎት ለማን ይደውላሉ? ሦስት ሰው ይንገሩኝ።»

ከዚያ ለየቤቱ አንድ ነጥብ አስቀመጠ፣ ደዋይና ተደዋዩንም በመስመር አገናኘ። ኮምፒውተሩ እርስ በርስ መስመር የበዛባቸውን እያሰባሰበ ግማሹን ቀይ፣ ግማሹን ሰማያዊ ቀባና ወረቀቱ የዕድሩ በር ላይ ተለጠፈ። ፈይዛ ሰማያዊ ሆነች። ግድግዳ የምትጋራት ጽጌማርያም ደግሞ ቀይ!

«ወይ ጉድ!» አለች ፈይዛ። ባሏ የሞተ ጊዜ ሦስት ቀን ሙሉ ከጎኗ ያልተነሳችው ጽጌማርያም ናት። እሷ የሌለችበት ዕድር ምን ይሠራላታል? ሆዷ ባባ። ወዲያው ግን ተናደደች፤ ንዴት ይቀላታል።

ሁንዴን ከመንገድ ጠርታ አስገባችው። «ስማ፣ ያ ኮምፒውተርህ አያይም እንዴ?»

«እትዬ ፈይዛ፣ እኔ ምን ላድርግ? ሦስት ሰው ስልዎት የእትዬ ጽጌማርያምን ስም አላነሱም። እሳቸውም የእርስዎን አላነሱም። እስቲ የእሳቸውን ስልክ ቁጥር ያሳዩኝ?»

ሞባይሏን ከፈተች። የክር ነጋዴው አለ፣ የመርካቶው ጨርቅ ሻጭ አለ፣ የጽጌማርያም ቁጥር የለም። ፈይዛ ክው አለች። ሠላሳ ዓመት ሙሉ!

«ደውዬላት አላውቅማ» አለች፣ ድምጿ ዝቅ ብሎ።

ይህን ብላ ሳትጨርስ በሩ ሳይንኳኳ ብርግድ አለ። ጽጌማርያም ናት፤ ነጠላዋ ከትከሻዋ ወርዷል፣ ዓይኗ ቀልቷል። «አንቺ ሴትዮ፣ ለያዩን አሉ እኮ!»

ፈይዛ ሳቅም እንባም መጣባት። ወደ ሁንዴ ዞረች። «አየህ? አሁን ለዚች ማን ደወለላት? ሂድና ጥያቄህን ለውጥ። ሳይደወልለት የሚመጣው ማነው ብለህ ጠይቅ።»

ሁንዴ ደብተሩን ገለጠና በሁለቱ ሴቶች መካከል የመጀመሪያውን መስመር እዚያው ቆሞ አሰመረ።