ሰማያዊ አምበር ይዤ እስክመጣ

ቴልሞ ግትር ነው። ከሳንቲያጎ ከተማ በላይ ባለው ተራራ የሚኖር ሁሉ ይህን ያውቃል፤ እሱም ያውቃል፣ ጭራሽ ይኮራበታል። ዕድሜውን የጨረሰው ጠባብ ጉድጓድ ውስጥ በጉልበቱ ተንበርክኮ፣ በሻማ ብርሃን አምበር ሲፈለፍል ነው።

አምበር በሻማ ሲያዩት ሁሉም አንድ ነው፤ የጥንት ዛፍ ሙጫ ደርቆ የቀረ፣ ማር የመሰለ ቢጫ። ሰማያዊው የሚለየው ፀሐይ ስትነካው ብቻ ነው። ስለዚህ የተራራው ሰው ጥንድ ሆኖ ይሠራል። አንዱ ከታች ይቆፍራል፣ ሌላው ጉድጓዱ አፍ ላይ ቆሞ ባልዲውን በገመድ ይስባል። የላይኛው ድንጋዩን በምራቁ ያርስና በጥቁሩ የጎማ ጫማው ላይ ያስቀምጠዋል። ሰማያዊ ሆኖ ከበራ ባለ በሌለ ድምፁ ይጮኻል፤ የሰማ ሁሉ መዶሻውን ጥሎ ይሮጣል። ቆፍሮ ያገኘው ሰው ግን ሁልጊዜ የሚያየው መጨረሻ ነው።

የቴልሞ ገመድ ሳቢ ኒካሲዮ ነበር፤ ልጁን ክርስትና ያነሳለት አበልጁ። አንድ ቀን ኒካሲዮ ጮኸ። ጎረቤት ተሰበሰበ፣ ረም የሚሉት የሸንኮራ አረቄ ተቀዳ፣ ኒካሲዮን ትከሻ ላይ አወጡት። ቴልሞ ከታች ሆኖ ገመዱን ቢነቀንቅ ቢነቀንቅ የሚስበው ጠፋ። በመከራ ተንጠላጥሎ ሲወጣ ጠርሙሱ ባዶ ነበር።

“እኔ ከመሬት ሆድ ያወጣሁትን ደስታ አንተ ጠጣኸው!”

“ረሳሁህ እንጂ መች ናቅሁህ፣ አበልጄ?”

“መረሳት ይሻላል እንዴ? ከዛሬ ጀምሮ ብቻዬን ነኝ። ሰማያዊ ይዤ በርህን እስካንኳኳ ድረስ ደጄን እንዳትረግጥ!”

ከአፍ ከወጣ አፋፍ እንዲሉ፣ ቃሉን የሚመልስበት ጠፋው። ዓመታት ነጎዱ። ሚስቱ ኦብዱሊያ ሞተች። በቀብሯ ቀን ኒካሲዮ ከመቃብሩ አጥር ውጭ ቆሞ ሲያለቅስ፣ ቴልሞ እያየው እንዳላየ አለፈው። በሕይወቱ እንደዚያ ያፈረበት ነገር የለም። ልጁ ዋና ከተማ ገባች፤ ሌሎቹ ቆፋሪዎችም አንድ ባንድ ከተራራው ወርደው አለቁ። ቴልሞ የሚበላው ከሙዙና ከዶሮዎቹ ነበር፤ የሚቆፍረው ለሆዱ አልነበረም። የፈለገው አንዲት ሰማያዊ ብቻ ነው፣ የአበልጁን በር ማንኳኪያ።

ብቻውን ይቆፍራል፣ ባልዲውን ይሞላል፣ ወጥቶ ይስባል። ድንጋዩን አርሶ ጫማው ላይ ያኖረዋል። ቢጫ። ሌላው አመድማ። እየተራገመ ወደ ክምሩ ይወረውራል።

“ይሄ ተራራ ሰማያዊውን ጨርሷል” ይላቸዋል ዶሮዎቹን።

ሰማዩም ከዓመት ዓመት አቧራ የለበሰ እየመሰለው ነበር። የቤቱን በር ቀለም እንኳ ፀሐይ በላው ብሎ ቀለም ሻጩን ረግሞታል። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው እንዲህ ላለው ነው።

ከዚያ ዝናቡ ሳያባራ ሰነበተ፤ ጉድጓዱ ውሃ ሞላ፣ ሥራ ቆመ። ፀሐይ በወጣችበት ጠዋት አንድ ሽማግሌ እያነከሰ ዳገቱን ወጣ። ኒካሲዮ ነበር።

“አለህ?” አለ እያለከለከ።

“ማን ና አለህ?”

“መዶሻህ ዝም አለ። ጠዋት ጠዋት እሱን ሰምቼ ነው ከአልጋዬ የምነሳው። ናዳ በላው ብዬ…”

አልጨረሰውም። ዝናብ ያጠበውን ክምር እያየ ጭቃው ላይ ዘጭ አለ።

“ቴልሞ፣ ይሄ ምንድን ነው?”

“ቆሻሻ ነው። ቢጫ።”

“ሸሚዜስ ምን ዓይነት ነው?”

“አመድማ። ልትፈትነኝ ነው እንዴ የመጣኸው?”

“ሰማያዊ ነው፣ አንተ ደረቅ! ለልጅህ ክርስትና ኦብዱሊያ የሰፋችልኝ ነው! ዓይንህን ሞራ ጋርዶታል። ክምርህ እኮ እዚህም እዚያም እየበራ ነው!”

ቴልሞ ወደ ክምሩ ዞረ። የበሩ ማንኳኪያ ያን ሁሉ ዘመን እግሩ ሥር ተከምሮ ኖሯል።

ኒካሲዮ እንደ ድሮው ሊጮኽ አፉን ከፈተ። በዙሪያው ያሉትን ሣር የወረሳቸውን ጉድጓዶች አየና መልሶ ዘጋው።

“ለማን ልጩኽ?” አለ።

“ውረድ” አለው ቴልሞ።

“ምን?”

“ቤትህ ውረድና በርህን ዝጋ። ይዤ መጥቼ አንኳኳለሁ ብያለሁ።”

“በዚህ እግሬ ወጥቼ?”

“ውረድ አልኩህ!”

ኒካሲዮ እየተሳደበ ከክምሩ አንዱን መረጠ፣ ቴልሞ መዳፍ ላይ አኖረለትና ወረደ።

ቴልሞ ዘግየት ብሎ ተከተለ። መንገድ ላይ ድንጋዩን አርሶ ጫማው ላይ አደረገው። አመድማ። ወደ ፀሐይ ዞሮ ደገመው፤ ያው አመድማ። አዝኖልኝ ቢዋሸኝስ? ፍርሃት ያዘው። ይህን ድንጋይ እይልኝ የሚለው ሰው በተራራው ላይ አልነበረም። ውሸትም ቢሆን፣ አለ በልቡ፣ በታመመ እግር ዳገት የወጣ ውሸት ነው።

በሩ ተዘግቷል። አንኳኳ።

“ማነው?” አለ ኒካሲዮ፣ ትንፋሹ ገና ሳይመለስ።

“እኔ ነኝ፣ አበልጄ” አለ ቴልሞ። “የያዝኩት ሰማያዊ ነው ብለውኛል።”