በምክር ቤትና በእድር የቆጠርኳቸው እጆች

የፓርቲዎች ግንባር አገር ይመራ በነበረበት ዘመን የእኔ ሥራ ምክር ቤት ውስጥ እጅ መቁጠርና ቃለ ጉባኤ መጻፍ ነበር። ሥራው አያደክምም፤ ቆጥሬ ሳልጨርስ ሁሉም እንደደገፈ ይታወቃል። ቁጥሩ እንጂ የማን እጅ እንደሆነ አይመዘገብም።

የወረዳችን ተወካይ የቀበና ጎረቤቴ ነበሩ። ሦስት ጊዜ ተመርጠዋል። በዚያ ሁሉ ዓመት ሲናገሩ የሰማኋቸው አራት ጊዜ ቢሆን ነው፤ ሦስቱ ከእንጦጦ የሚወርደው ጎርፍ ስለሚያፈርሰው ድልድያችን ነበር። ሌላውን ጊዜ እጃቸውን ያወጣሉ፣ ያወርዳሉ።

የከተማ መሬት አዋጅ የቀረበ ዕለት ግን «የሚደግፍ» ሲባል እጃቸው ጠረጴዛው ላይ ቀረ። «ድምፀ ተአቅቦ» ሲባል ብቻቸውን አወጡ። እኔም «በአንድ ድምፀ ተአቅቦ» ብዬ ጻፍኩ፤ ደንቡ ከዚያ በላይ አይጠይቅም። ፓርቲያቸው በግምገማ እንዳብጠለጠላቸው በኋላ ሰማሁ።

ዓመት ሳይሞላ በዚያ አዋጅ መሠረት ወንዙ ዳር ያሉት ቤቶች ሊፈርሱ ነው ተብሎ በየበሩ ላይ ቀይ ቀለም ተቀባ። ሰውዬው የእድራችንም ሰብሳቢ ስለነበሩ ሰዉ በስብሰባ ላይ አፋጠጣቸው።

«እጅዎን አውጥተው ቤታችንን አስፈረሱት!» አሉ አንዲት እናት።

«እኔ ድምፄን አቅቤያለሁ።»

«ማን አየዎት?»

ከእሳቸው ሁለት ወንበር አልፌ ተቀምጬ ነበር። ወደ እኔ ዞር አላሉም። የምክር ቤቱን ነገር ሰፈር ውስጥ ማውራት ከሥራ ያስባርራል ብዬ ዝም አልኩ። እውነቱን ለመናገር ግን የፈራሁት ሰዉንም ጭምር ነው፤ ከእሳቸው ጋር አንድ ላይ እንዳይረግመኝ።

ከሰብሳቢነት ይውረዱ የሚል ሐሳብ ቀረበ። ቆጣሪ ሲፈለግ የእድሩ ጸሐፊ «ሙያው ነው» ብሎ እኔን አስነሳኝ፤ ጥቂቶች ሳቁ። ፊት ለፊት ቆሜ ቆጠርኩ። የተቀመጠው ሁሉ እጁን አወጣ፣ ልጃቸውን የዳሩላቸው አማታቸው ሳይቀሩ። የሚቃወም ወይም የሚያቅብ አለ ወይ ብሎ የጠየቀ አልነበረም። «በሙሉ ድምፅ» አልኩና ተቀመጥኩ።

የእድሩን ማኅተምና የዕቃ ቤቱን ቁልፍ ለጸሐፊው አስረክበው ወጡ። ተከትያቸው ሄጄ በሩ ላይ ደረስኩባቸው።

«ጋሼ፣ ይቅር ይበሉኝ» አልኳቸው።

ኮታቸውን ቆለፉ።

«አንተማ እጅህን አላወጣህም» አሉኝ። «አይቼሃለሁ።»