የአባቴ ሲጃራና የእናቴ ቁርባን

ኅዳር 12 ቀን 1957 ዓ.ም.፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ግድም፣ አባቴ እስቴ፣ መካነ ኢየሱስ ከተማ በሚገኘው ቤታችን ግቢ ውስጥ፣ ዳግመኛ ሲጃራ እንዳያጨስ በንስሐ አባቱ ተገዘተ። ግዝቱን የጠየቀው ራሱ ነው። ቄሱ ሳይፈልጉ አልገዘቱትም፤ እሱም ሳይፈልግ አልተገዘተም።

በዚያን ጊዜ ደብረ ታቦር ተቀምጬ ለአንድ የአዲስ አበባ ጋዜጣ ወሬ እልክ ነበር። ወላጆቼን ለማየት፣ የጭነት መኪና ከተገኘ በመኪና፣ ካልተገኘ በእግሬ እስቴ እሄዳለሁ። እዚህ ከምጽፈው አብዛኛውን በዓይኔ አይቻለሁ። ያላየሁትን ካዩት ሰዎች ጠይቄ፣ ቃላቸው ሲገጥም ነው የያዝሁት።

አባቴ ማጨስ የለመደው ጣሊያን ከወጣ በኋላ፣ ኦጋዴን ወታደር በነበረበት ጊዜ ነው። ጦር ሰፈር ውስጥ የሚያጨስ ሰው ብርቅ አልነበረም። እስቴ ሲመለስ ግን ነገሩ ሌላ ሆነ። በእኛ አገር ትንባሆ የሚያጨስ ሰው የጠጣበትን ዋንጫ ሌላው ሰው ሳያጥብ አይጠጣበትም። እናቴም የእሱን ዋንጫ ለብቻ ታስቀምጥ ነበር፤ ይህን የምታደርገው በቁጣ አልነበረም፣ የእሱ ፎጣ ለብቻ እንደሚሰቀለው ያህል ቆጥራው ነው።

እሷን የሚያሳስባት ዋንጫው ሳይሆን ቁርባኑ ነው። የተጋቡት በሰማንያ እንጂ በቁርባን አልነበረም። ባልና ሚስት ደግሞ የሚቆርቡት አብረው ነው፤ አንዱ ቀርቶ ሌላው ብቻውን አይሄድም። የንስሐ አባታቸው፣ ድጓ የሚያስተምሩ ሽማግሌ፣ ነገሩን አንድ ጊዜ ቆርጠው ነግረዋቸዋል፦ ጢስ የሚወጣበት አፍ ሥጋ ወደሙ አይገባበትም። እናቴ ስለዚህ ዓመት ከዓመት ስትጾም ኖራ፣ ቅዳሴ ሲያልቅ ቆራቢዎቹ አፋቸውን በነጠላ ሸፍነው ሲወጡ ከሴቶች በር አጠገብ ቆማ ታያቸዋለች። ቤት ስትመጣ ማን ማን እንደ ቆረበ ትነግረናለች።

በዚያ ዓመት ክረምቱ ሲወጣ እግሯ ማበጥ ጀመረ። ከጓሮ እስከ ደጅ ስትሄድ ቆም እያለች ትተነፍሳለች። የክሊኒኩ አስታማሚ፣ ድሬሰሩ፣ ልቧ መድከሙን ነገረን፤ ሌላ የሚሰጠን ነገርም ብዙ አልነበረውም። እናቴ በጥር ማርያም፣ ጥር 21 ቀን፣ ለመቁረብ ቆረጠች። ከጥር ማርያም ወዲያ ያለውን ጊዜ ተማምና አልቆጠረችውም።

አባቴም ሲጃራውን ሊተው ተነሣ። እንዴት እንደሚተወው ግን መንደሩ ሁሉ የየራሱን ምክር አመጣ።

መጀመሪያ ያማከረው ድሬሰሩን ነበር።

«ጋሼ፣ በየሳምንቱ አንድ አንድ እየቀነሱ ይሂዱ» አለው።

«አንተ ልጅ፣ ሰፈርህ ጠላት ቢገባ በየሳምንቱ አንድ አንድ ሰው ነው የምታስወጣ?»

«እንግዲያስ በአንድ ጊዜ ይተዉት።»

«እሱማ ቢሆንልኝ አንተ ዘንድ ምን አመጣኝ?»

ቀጥሎ ጎረቤታችን፣ እናቴ እትዬ የምትላት ባልቴት፣ ጠበል አለች። አባቴ ሳምንት ተጠመቀ። በመጨረሻው ቀን ሲመለስ ልብሱ ሲጃራ ይሸታል።

«ጠበሉ ውስጥ ሳለሁ ጨርሶ አላማረኝም» አለ።

«ታዲያ ምን ሆንህ?» አለችው ባልቴቷ።

«ስወጣ በረደኝ።»

እናቴ ሳትወድ ሳቀች፤ ሳቋም ወደ ሳል ሄደ። በኋላ ደግሞ ከወገዳ ገበያ የሚመጣ አንድ ነጋዴ በአፍንጫ የሚሳብ ዱቄት ትንባሆ ሰጠው፣ ሲጃራውን ያስለቅቃል ብሎ። አባቴ አንድ ጊዜ ስቦ ሲያነጥስ እናቴ አየችው። «በበሩ ስትከለከል በመስኮቱ ልትገባ ነው?» አለችው። ዱቄቱ በዚያው ቀረ።

የቀረው ግዝት ነው። ቄስ በእግዚአብሔር ስም ይህን እንዳታደርግ ብሎ ይገዝታል፤ ግዝቱን የጣሰ ሰው እስኪፈታ ድረስ ከቅዱስ ነገር ሁሉ የተለየ ነው፤ አይቆርብም፣ ጸበል ጻዲቅ አይቀምስም። በእኛ አገር መሬት የተካሰሰ፣ ደም የተቃባ ሰው በዳኛ ያላቆመውን በግዝት ያቆማል። እናቴ አልወደደችውም። በግዝት አይቀለድም አለች። አባቴ ግን አስቦበት ነበር። ከመገዘቱ በፊት በነበረው ምሽት እንዲህ አለኝ፦

«ለራሴ ነፍስ እንደማልፈራ ዐውቃለሁ። ስንት ጊዜ በራሴ ምዬ አፍርሻለሁ! የምፈራው ለእሷ ነው።»

በማግሥቱ ያደረገውን ያደረገው ከዚህ ተነሥቶ ነው። ቄሱ ከቅዳሴ ሲመለሱ ግቢያችን ገቡ። አባቴ ነጠላውን አደግድጎ ቆመ።

«የኔታ፣ እኔን ብቻ አይግዘቱኝ። ቤቴን ጭምር ይግዘቱልኝ። እኔ ባጨስ እሷም ከእኔ ጋር ትታሰር።»

እናቴ ከተቀመጠችበት ተነሣች። «እኔ ምን አደረግሁህ?»

«ምንም። ምንም ስላላደረግሽኝ ነው።»

ሽማግሌው ሁለቱንም ተራ በተራ አዩአቸው። ከዚያ ፊታቸውን ወደ ምሥራቅ አዙረው፣ መስቀላቸውን ይዘው፣ ለራሳቸው ብቻ በሚሰማ ድምፅ ረዘም ያለ ጸሎት አደረሱ። ምን እንዳሉ ከመካከላችን የሰማ የለም። ሲጨርሱ መስቀሉን በአባቴ ራስ ላይ አሳረፉ። እናቴም ቀረብ ብላ መስቀሉን ተሳለመች።

«አለቀ» አሉ። «እስከ ጥር ማርያም ንጹሕ ሆነህ ቆየኝ።»

ከጥቂት ቀን በኋላ ሽማግሌው ወደ ጋይንት፣ ቤተ ልሔም ወደሚባለው ደብር ሄዱ። ድጓውን የተማሩበት ቦታ ነው፤ መምህራቸው ታመው ነበር። ለጥር ማርያም እመለሳለሁ ብለው ነበር።

ግዝቱ ሠራ። በኅዳር መጨረሻ ስመጣ አባቴ በሲጃራው ኪስ የገብስ ቆሎ ይዞ አገኘሁት። በሬዎቹ ላይ ይጮሃል፣ ማታ ማታ እንቅልፍ የለውም፣ አላጨሰም ግን። «እንዴት ነው?» ስለው፣ «ሳስበው እሷ ትታየኛለች» አለኝ። እናቴ አዲስ ነጠላ አሠርታ ሳጥን ውስጥ አስቀምጣ ነበር። አውጥታ አሳየችኝና መልሳ አጠፈችው።

በታኅሣሥ መጨረሻ ገብስ ይወቃ ነበር። እኔ አልነበርሁም። አባቴ የነገረኝንና አብሮት ይወቃ የነበረው ሰው የነገረኝን አመሳክሬያለሁ፤ አይለያዩም። ከስማዳ ከብት የሚነዳ አንድ ሰው በአውድማው አጠገብ አለፈ። የኦጋዴን ጓደኛው ነው። ተቃቀፉ። ገለባ ካለበት ራቅ ብለው ድንጋይ ላይ ተቀመጡ፤ ስለ ሞቱትና ስላሉት ተጨዋወቱ። ሰውየው ሁለት ሲጃራ አወጣ፣ ሁለቱንም ለኮሰ፣ እንደ ድሮው አንዱን ዘረጋለት።

«እጄ ተቀበለው» አለኝ አባቴ። «የነቃሁት ስስበው ነው። ከነቃሁም በኋላ ጨረስሁት።»

ማታ ቤት ገብቶ ለእናቴ ራሱ ነገራት። ባልቴቷ ጎረቤታችን እዚያው ስለ ነበረች የተባባሉትን ሰምታለች።

«ምነው ባልነገርኸኝ!» አለች እናቴ።

«ደብቄሽማ ታስረሽ ትቆርቢ ነበር።»

«ሳላውቅ እቆርብ ነበር። ሳላውቅ ያደረግሁትን እግዜር ምን ይለኛል?»

አባቴ በነጋው የደብሩን ሌላ ቄስ ለመነ።

«መምሬ፣ ይፍቱን። እኔ ቢቀር እሷን።»

«የገዘቱት እሳቸው ናቸው፤ እሳቸው ይፍቱ» አሉት። «እኔ በሳቸው እጅ ላይ እጄን አልጨምርም።»

በጥር መጀመሪያ ስመጣ እናቴ ትራስ ተደግፋ ነው የምትተኛው። ሽማግሌው ከቤተ ልሔም አልተመለሱም። ስለ መምህራቸው የሚሰማው ወሬም ጥሩ አልነበረም፤ ለጥር ማርያም መምጣታቸውን እርግጠኛ ሆኖ የሚነግረን ጠፋ። መጠበቅ ወይም መሄድ ነበር። እናቴን ለባልቴቷ አደራ ሰጥተን፣ ጥር 8 ቀን ጠዋት እኔና አባቴ በእግር ተነሣን።

ጥምቀትን መንገድ ላይ ዋልን። አንድ ወንዝ ዳር ታቦት አድሮ ነበር፤ ሰው ሁሉ ሲረጭ አባቴ ራቅ ብሎ ጀርባውን ለዛፍ ሰጥቶ ቆመ። አንዲት ሴት በቅል ውኃ ይዛ መጣች።

«ምነው አባቴ፣ ወታደር ውኃ ይፈራል?» አለችው የለበሰውን የወታደር ካፖርት አይታ።

«ለልጄ ርጪለት» አላት። ረጨችኝ።

ቤተ ልሔም የደረስነው ጥር 12 ቀን ረፋድ ላይ ነው። ሽማግሌው ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር አጠገብ፣ ተማሪዎች ከበዋቸው፣ ዜማ ያርማሉ። አባቴ እግራቸው ላይ ወደቀ።

«አጨስሁ፣ የኔታ።»

«ከዚህ ድረስ በእግርህ የመጣህ ለሌላ አይደለም» አሉ። ተማሪዎቹን አስነሡ። መስቀላቸውን አውጥተው ፈቱት፣ የሚሰግደውንም ስግደት ነገሩት። ብዙ ጊዜ አልፈጀም።

«እሷንስ?» አለ አባቴ፣ ከመሬት ሳይነሣ።

«እሷን ምን?»

«ባለቤቴን። ቤቴን ጭምር ገዝተውብኝ የለም?»

«አልገዘትሁም።»

አባቴ ቀና ብሎ አያቸው።

«ሰው በሌላ ሰው ጥፋት አይታሰርም» አሉ። «አንተ ለመንኸኝ፤ እኔ የገዘትሁ አንተን ብቻ ነው። እሷ አንድ ቀንም ታስራ አታውቅም።»

እዚህ ላይ እኔ ጠየቅሁ። «የኔታ፣ ያን ዕለት ለምን አልነገሯቸውም?»

«እንዲፈራ ነዋ! ነግሬው ቢሆን ይህን ያህል ይቆይ ነበር?» ፊታቸው ላይ ጸጸት አላየሁም፤ ስለ አንድ የታወቀ የማስተማር ዘዴ የሚናገሩ ይመስሉ ነበር። እናቴ በጠና መታመሟን፣ በግዝቱም ምክንያት አልቆርብም ማለቷን ስነግራቸው ግን ከተቀመጡበት ተነሡ። «እንግዲህ ምን ትቆማላችሁ? ሂዱ! ዛሬውኑ ሂዱ! ለመምሬም ንገሩልኝ፣ በጠና የታመመ ብቻውንም ይቆርባልና ያቁርቧት።»

ውኃ ጠጥተን ተመለስን። አባቴ ከፊቴ ነበር የሚሄደው። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ዳገት ላይ ትንፋሽ አጥሮት ሲቆም፣ «ነጠላው ሳጥን ውስጥ ነው» አለኝ፤ ደግሞ ሄደ። መካነ ኢየሱስ የገባነው ጥር 16 ቀን ከሰዓት በኋላ ነው። በደጃችን ሰዎች ተቀምጠው ነበር። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል።

እናቴ የሞተችው ጥር 13 ቀን፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ግድም ነው።

ከባልቴቷ የሰማሁት ይህ ነው። ጥር 13 ቀን ጠዋት፣ ቅዳሴ ሲያልቅ፣ እኚያ መፍታት አልችልም ያሉት ቄስ ሥጋ ወደሙ ይዘው፣ ዲያቆኑ ፊት ፊት ቃጭል እያሰማ፣ እቤታችን መጡ። እናቴ መዳከሟን ሰምተው ሌሊቱን ሲያወጡ ሲያወርዱ አድረው ነበር።

«ከየኔታ መልስ መጣ?» ብላ ጠየቀቻቸው እናቴ።

«አልመጣም፤ ግዴለሽም። በእኔ ይሁን።»

«ታስሬ አልቀበልም።»

ሁለተኛ ጊዜ ለመኗት። ነጠላዋን ሳብ አድርጋ አፏን ሸፈነች፤ ፊቷንም ወደ ግድግዳው አዞረች። ቄሱ ሥጋ ወደሙን ይዘው ወደ ቤተ ክርስቲያን ተመለሱ። ቄሱንም ዲያቆኑንም ለየብቻ ጠይቄያቸዋለሁ፤ ሁለቱም ይህንኑ ነገሩኝ። ሽማግሌው ያሉትን ለቄሱ የነገርኋቸው ያን ጊዜ ነው። «ያልፈታኋት የሳቸውን እጅ ፈርቼ ነው» አሉኝ።

አባቴ ከዚያ በኋላ ስምንት ዓመት ኖረ። ግዝቱ ተፈትቶለት ነበር፤ እንደገና የገዘተውም የለም። በእነዚያ ስምንት ዓመታት ሲያጨስ ያየ ሰው ጠይቄ አላገኘሁም።