አምስቱም አሉ

አባባን፣ የእናቴን አባት፣ ከቀበርናቸው ትናንት አርባ ቀን ሞላ።

አባባ በየማለዳው ከብቶቹን እየነዱ ከሰላ ድንጋይ ከተማ ወጣ ብሎ ካለው መንደራችን ወደ ሐይቁ ይወርዱ ነበር። ከብቶቹ ከመጠጣታቸው በፊት ዳር ያለው ድንጋይ ላይ ተንበርክከው እጃቸውን እስከ ክርናቸው ያጠልቁና ውሃው ውስጥ ጣቶቻቸውን ይቆጥራሉ። «አምስቱም አሉ» ይላሉ። ከዚያ ከብቱ ይጠጣል።

የሐይቁን ዳር ሳር አርሰን ገብስ ስንዘራበት «ተዉ፣ ማዳበሪያችሁን ዝናብ ጠርጎ ውሃው ውስጥ ይከተዋል» ብለው ተቆጡ። አልሰማናቸውም። ከሁለት ክረምት በኋላ አንድ ቀን ከሐይቁ ተመልሰው «ጣቶቼ ጠፉብኝ» አሉን። ውሃው መቼም በክረምት መልኩን ይቀይራል፣ የእሳቸውን ዓይን ደግሞ ሞራ ጋርዶታል አልን።

«ዓይኔን ተዉት፤ የታመመው ውሃው ነው» አሉ።

«እሺ አባባ» አልኳቸው፣ ሕፃን እንደሚያባብል ሰው። ሐይቁ ውስጥ እንዳይወድቁ ብዬ ከዘራቸውን የደበቅሁትም እኔ ነኝ። የቀራቸውን ዕድሜ ደጃፍ ላይ ተቀምጠው፣ ከብቶቹ ያለእሳቸው ሲወርዱ እያዩ ጨረሱት። ሁለት ጥጆች ሲሞቱብን እንኳ ስለ ውሃው ማንም አልጠየቃቸውም።

ዛሬ ጠዋት ወረድኩ። ሐይቁ ዳር እስከ ዳር አረንጓዴ አልጌ ለብሶ ይከረፋል። ጉልበታቸው ያለሰለሰው ድንጋይ ላይ ተንበርክኬ አልጌውን ገፋ አደረግሁና እጄን እስከ ክርኔ አጠለቅሁ።

አንድም የለም፣ አባባ። ዓይኔ ደግሞ ደህና ነው።