የዋሻው ባለቤቶች

ባለፈው ሰሞን ተኩሱ ወደ ቆቦ ሲጠጋ ትንሹን ልጄን አዝዬ፣ ታላቋን ሜሮንን በእጇ ጎትቼ ተራራው ሥር ካለው ዋሻ ገባሁ። የእርጥብ ድንጋይና የሌሊት ወፍ ኩስ ሽታ ገና አፉ ላይ ሲቀበለኝ የልጅነት ጎረቤታችን እማ ፋጡማ ትዝ አለችኝ።

ያኔ በጋው በርትቶ ኩሬው ሲደርቅ የሰፈሩን ሴት ልጆች አስከትላ እዚሁ ዋሻ ትመጣ ነበር። ከጣራው ጠብ ጠብ የሚል ውሃ አለ። ኮንጎ ጫማዋን ውጭ አውልቃ፣ ቅሏን በጀርባዋ፣ ባትሪዋን በእጇ ይዛ ትገባለች። ውሃው ጋ ከመድረሷ በፊት ግን ቁጢጥ ብላ ድንጋይ ታነሳለች። ከሥሩ ነጫጭ ነፍሳት አሉ፤ የስንዴ ፍሬ ያክላሉ፣ ጀርባቸው እንደ ጣራ ቆርቆሮ የተደራረበ፣ እግራቸው ብዙ፣ ዓይን የሚባል የላቸውም። ሲሄዱ ካየች ድንጋዩን ቀስ አድርጋ ትመልስና "ቢስሚላህ፣ ግቡ" ትለናለች።

የራያ ሰው የጉድጓድ አየር ይፈራል። ማሽላችንን መሬት ቆፍረን ነው የምናስቀምጠው፤ ጉድጓዱ ሳይናፈስ የገባ ሰው ታፍኖ ይቀራል። እማ ፋጡማም ባሏን የቀበረችው ከማሽላ ጉድጓድ ሬሳውን አስወጥታ ነው።

አንድ ቀን ድንጋይ ብታነሳ፣ ብታነሳ ምንም የለም። "ተመለሱ" አለች።

ውሃ ልትቀዳ የመጣች ሌላ ጎረቤታችን ሳቀች። "ፋጤ ደግሞ በትል መጠንቆል ጀመረች።"

"የቤቱ ሰዎች ጥለው ከወጡ እንግዳ ምን ይሠራል፣ እቴ?" አለቻት እማ ፋጡማ።

ባዶ ቅል ይዘን ተመለስን። ያቺም ሴት ስቃ ስቃ ከኋላችን መጣች። አየሩ እውነት ከፍቶ እንደሆነ ማንም አላወቀ።

አሁን አፉ ላይ እንዳልቀመጥ ጥይቱ አለ፤ ወደ ውስጥ እንዳልዘልቅ አየሩን ፈራሁ። ትምህርት ያቋረጥኩት ከአራተኛ ነው፤ ስለ አየር የማውቀው ያው ከእማ ፋጡማ ያየሁትን ነው። በስልኬ መብራት አንድ ድንጋይ አነሳሁ። የለም። ሌላም አነሳሁ፤ ሥሩ ደረቅ ነው። ግድግዳው ሥር ያለውን እርጥቡን ገለበጥኩ። አንዷ ነጭ ከሥሩ ወጥታ ወደ ስንጥቁ ሄደች፤ ሌላዋም ተከተለቻት።

"እማዬ፣ ትናከሳለች?" አለች ሜሮን።

"አትናከስም። እኛ ነን እሷ ቤት የመጣነው።"

ልክ ይሁን አይሁን አላውቅም። ልጆቼን ግን ጥይት ከማይደርስበት ውስጥ አስቀመጥኳቸው። ትንሹ ጡቴን ይዞ ተኛ፤ ተኩሱ እስኪርቅ ትንፋሹን ሳዳምጥ ዋልኩ። ሲመሻሽ ሁለቱንም ይዤ ወጣሁ።

እማ ፋጡማ ልጅ ሳትወልድ ነው ያለፈችው፤ ድንጋይ ማንሳቷን ግን ለእኔ ልጆች አውርሳለች።